ቢጫ ጓጉንቸሮች

የኢታኖል ፋብሪካው የገበሬዎቹ የራሳቸው ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ባለድርሻዎች በቆሏቸውን ያመጣሉ፣ ትርፉን ይካፈላሉ፤ ወደ ግቢውም እንደ ገዛ ጎተራቸው ሳያንኳኩ ይገባሉ። ሥራ አስኪያጇ ሮክሳን ይህን ልማድ ለማስቀረት ስድስት ዓመት ታግላ አልሆነላትም።

በጥር ወር በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተሰበሰቡ። አጀንዳው ሁለት ነበር። አንደኛው ፋብሪካውን ማዘመን፦ አዲስ የመቆጣጠሪያ ክፍልና በካርድ ብቻ የሚከፈት በር። ሁለተኛው ጌለንን ማባረር።

ጌለን ማሽኖቹን የሚቆጣጠር ሠራተኛ ነው። በጥቅምት፣ የሊቀመንበሩ የአርቪድ ልጅ ትሬቨር ተጣብቆ የተጋገረውን በቆሎ ሊሰብር ሦስተኛው ጎተራ ውስጥ ሳለ፣ ጌለን በቆሎውን ከሥር የሚስበውን ማሽን አስነሳው። በቆሎው ትሬቨርን ይዞት ወረደ።

ደንቡ ግልጽ ነው። ጎተራ የሚገባ ሰው ስሙ የተጻፈበትን ቢጫ ጓጉንቸር ማስነሻው ላይ ይቆልፋል፤ ሲወጣ ራሱ ይፈታል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሦስት ሦስት ይሰጠዋል።

“ጠዋት ጓጉንቸሩ ነበር” አለ ጌለን፣ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ። “ከምሳ በኋላ ሳየው የለም። ወጥቶ ፈትቶታል ብዬ አስነሳሁ። የዚያን ቀን የመኪናው ጎማ ተበላሽቶበት ከቤቱ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ነበር እኮ!”

“ወሬህን ተወው!” አለ ዴልበርት ከኋላ። “ትሬቨር መፍታት ይረሳል እንጂ መቆለፍ መቼ ረስቶ ያውቃል? እሱ ቤቱ ምሳውን ይበላል፣ ጓጉንቸሩ እዚህ ተንጠልጥሎ ይውላል። ትርፍ መክፈቻው ከአባቱ ቤት እስኪመጣ ስንቴ ተገትረናል!”

ጥቂቶች ሳቁ፤ ወዲያው አፈሩ።

“ያን ቀንም ተገትረን ነበር” ቀጠለ ዴልበርት። “ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ይላል፣ በቆሎ የጫኑት መኪኖች ሰልፍ አስፋልት ደርሷል። ከፊት የቆመው አርቪድ እንኳ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አንተ ግን ቸኮልክ፤ ሰብረህ ጣልከው።”

አርቪድ ተነሣ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለውን የቁልፍ ዘለላ እየነካካ ሰዉ ዝም እስኪል ጠበቀ።

“ካርዱን ደግፉት” አለ። “ከእንግዲህ ማንም ባለድርሻ በሩ ላይ ካለው የመኪና ሚዛን አልፎ አይግባ። እኔም ብሆን።”

“ኧረ አንተ ሰው!” አለ ዴልበርት። “አምና እዚሁ ቆመህ፣ ‘ለገዛ ጎተራዬ ካርድ አልይዝም’ ያልከው ማን ነበር?”

“አምና ልጅ ነበረኝ።”

የካርዱ ሐሳብ በሙሉ ድምፅ አለፈ።

“ጌለንን ደግሞ ተዉት” አለ አርቪድ። “የሞተው የኔ ልጅ ነው። እኔ ካልከሰስኩት እናንተ ምን አገባችሁ?”

የፓስተሩ ሚስት ዓይኗን በወረቀት ጠረገች። አዝነውም ግን ድምፅ ሰጡ፤ ጌለን በሠላሳ አንድ ድምፅ ብልጫ ተባረረ። የሽማግሌው ደግነት፣ ሲወጡ እንደተባባሉት፣ ጥፋተኛውን ይበልጥ ጥፋተኛ አድርጎት ነበር።

ጌለን በሩ ላይ ጠብቆ የአርቪድን እጅ ጨበጠ።

“ያመኑኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።”

“አንተ አልዋሸህም” አለ አርቪድ።

“እግዜር ይስጥልኝ። ሚስቴ ይህን ብትሰማ ትተኛለች። ሦስት ወር አልተኛችም።”

አርቪድ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሮክሳን አንዲት ካርቶን ይዛ መጣች። ጌለን አንገቱን ደፍቶ ወደ በረዶው ወጣ።

“የትሬቨር የሥራ ልብስ ሣጥን ውስጥ ያገኘነው ነው” አለች። ጓንት፣ የእራት ሣህን፣ ስሙ በጥቁር ቀለም የተጻፈባቸው ሁለት ቢጫ ጓጉንቸሮች። “ሦስተኛውን ፈልገን አጣነው። ያ ሰውዬ የት እንደወረወረው እንጃ።”

አርቪድ አመሰገናት። ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ተቀመጠ። የጌለን መኪና መብራት ከመንገዱ እስኪጠፋ በመስታወቱ አየ። ከዚያ ከወንበሩ ሥር የመፍቻ ሣጥኑን ስቦ ከፈተ።

ሁለቱን ጓጉንቸሮች ከሦስተኛው አጠገብ አስቀመጣቸው።