ሻንጣው ሲጮህ

ወንድሜ ባዩ የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ አፌ ሲያስጠጋ ስልኬ ጭኔ ላይ ነዘረ።

«እምቢ ማለት የለም፣ እታለም!» አለ። «ላንቺ የታረደ በግ ነው። ያንን ሻንጣ እርሺው። አንቺ በደኅና ገብተሽልናል፣ እሱ ይበቃናል።»

አፌን ከፈትኩለት። ዱለቱ ጉንጬን ወጠረው፤ ቅቤው በአገጬ ወረደ። እያላመጥኩ ስልኩን ገለበጥኩት። በዐረብኛ የተጻፈ አጭር መልእክት ነው። «ሻንጣው በቅርብ ይገኛል» ይላል።

ማላመጤን አቆምኩ።

ሻንጣው የጠፋው ከጅዳ የገባሁ ዕለት ነው። ባዩ ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ወረታ ወርደን የደብረ ታቦር ሚኒባስ እስኪሞላ እኔ ሻይ ልጠጣ ገባሁ፤ እሱ ዕቃውን ሊጠብቅ ቀረ። ስመለስ መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል። «ዞር ከማለቴ ወሰዱት» ብሎ አለቀሰ። ሰው ከቦን እያየ፣ እንባውን በሻሼ ጠርጌ ያባበልኩት እኔ ነበርኩ።

ስሸኝ የአሠሪዬ ልጅ ሳንቲም የምታክል ነገር ሻንጣው ገበር ውስጥ ሰፍታልኝ ነበር። «መንገድ ላይ ቢጠፋብሽ፣ ስትቀርቢው ስልክሽ ይነግርሻል፤ ስልክሽ ላይ ይቺን የደወል ምልክት ስትነኪ ደግሞ ሻንጣው ይጮኻል» ብላ አሳይታኛለች። ሻንጣው ከጠፋ ወዲህ ገጠር እናቴ ቤት ሆኜ ስልኬን እየከፈትኩ ሳይ ከረምኩ። ዝም። ሌባው ርቆ ሄዷል ብዬ ተውኩት። ባዩ ቤት ደግሞ ከመጣሁ ወዲህ ስገባ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለጠፋው ሻንጣ ሊያጽናናኝ እኔንም እናቴንም ምሳ ጠርቶን።

ስልኩ ላይ ያለችውን የደወል ምልክት ነካሁ።

ከመኝታ ክፍሉ መጋረጃ ጀርባ ቀጭን ድምፅ ወጣ፤ እናቷን ያጣች ጫጩት ይመስላል።

የባዩ ሚስት ሠናይት እጇ ትሪው ላይ ቀረ። ባዩ እኔን ሳያይ «የማን ስልክ ነው?» አለ።

«ያንተ አይደለም?» አልኩት፣ ጉርሻው ጉንጬ ውስጥ እንዳለ።

«የልጆቹ መጫወቻ ይሆናል» አለች ሠናይት ብድግ ብላ። ወደ መጋረጃው የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዳ ድምፁን ጨመረችው። አንድ ሰውዬ ስለ ስንዴ ምርት ቤቱን በጩኸት ሞላው። በአጠገቤ ስታልፍ ሸተተችኝ። ሽታውን አውቀዋለሁ፤ ለእናቴ እግር ብዬ ገዝቼ ሻንጣው ውስጥ የከተትኩት ቅባት ነው።

ደግሜ ነካሁ። ጫጩቷ ከስንዴው በላይ ጮኸች። ባዩ ሌላ ጉርሻ ሊጠቀልል ሞከረ፤ እንጀራው እጁ ላይ ተበጣጠሰበት።

ወደ እናቴ ዞርኩ። «ምን ጉድ ነው!» ብላ እንድትነሣ ጠበቅኩ። እናቴ ግን ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ትሪውን ታያለች።

«እማ፣ ታውቂ ነበር?»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ታውቂ ነበር ወይ?»

«ወንድምሽ ልጆች አሉት፣ ልጄ» አለች ዝቅ ብላ። «ምን ያድርግ? አንቺ እንደሆንሽ ጅዳ ትመለሻለሽ። ሌላ ታመጫለሽ።»

እመለሳለሁ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። የመጣሁት ላልመለስ ነው።

የእናቴ ቃል ለባዩ ልብ ሰጠው። ቀና አለ። «ቀስ ብዬ ልነግርሽ ነበር እኮ! ደግሞስ ለኛ ብለሽ አይደል ያመጣሽው?»

«ለናንተ ነው» አልኩ። «ላንተ የገዛሁልህ ሰዓት የጎን ኪሱ ውስጥ ነበር። አገኘኸው?»

ከገባሁ ጀምሮ ግራ እጁን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ እንደማያውቅ ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። አሁንም ይበልጥ ወደ ውስጥ ሰበሰበው።

ጉርሻው እስካሁን አፌ ውስጥ ነው። ለብ ብሎ፣ ለስልሶ፣ ነፍስ ያለው ነገር ይመስል ምላሴ ላይ ተኝቷል። መዳፌ ላይ ተፋሁት።

«ውይ! እህል!» አለች እናቴ፣ ደረቷን ይዛ።

ለሻንጣው ያልደነገጠች ለእህሉ ደነገጠች።

ትሪው ጥግ ላይ አስቀመጥኩትና መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ሻንጣው አልጋው ሥር ነው፤ የልጆች ብርድ ልብስ ጥለውበታል። ስጎትተው ቀለለኝ። ምን እንደቀረ ልከፍተው አልፈለግኩም። በመሐላቸው ይዤው ሳልፍ ባዩ እግሩን ሰበሰበልኝ፤ እንግዳ እንደሚያሳልፍ ሰው።

ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ውሃ አፍሼ አፌን ተጉመጠመጥኩ። ተፋሁ፤ ደግሜ ተጉመጠመጥኩ። ውሃው ጥርስ ይሰብራል። የእግር ቅባቱ ሽታ ግን ከአፍንጫዬ አልወጣ አለ።

የግቢውን በር ስከፍት ከውስጥ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ሲቀንስ ሰማሁ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ ልጆች ሳለን ስታበላን ትለው በነበረው ቅላፄ።

«በሉ፣ እናንተ ብሉ። ሳይቀዘቅዝ ብሉ።»