የሩመን ቆጣቢነት

ጊንካ የምትሠራበት የታሸጉ ምግቦች ፋብሪካ ቡርጋስ ላይ፣ ከባሕሩ አጠገብ፣ ለሠራተኞቹ በግማሽ ዋጋ የሚያከራየው ማረፊያ ቤት አለው። ሰባት ዓመት ሙሉ እንሂድ ባለች ቁጥር ሩመን ሰበብ አያጣም ነበር። ፀሐይ አይስማማኝም፣ መዋኘት አልችልም፣ ባሕር አይቼም አላውቅ፣ የተራራው አገራችን ምን አነሰን? ዘንድሮ ግን ቁርጡን ነገረችው።

«እኔ ሄጃለሁ። አንተ ከጓሮ ቲማቲምህ ጋር ቅር።»

የምሯን እንደሆነ ሲያይ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎተተ። በነጋታው ቆቡን ደፍቶ፣ ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ፣ ያንን ጥቅጥቅ ያለ ጢሙን እያሻሸ ከጎኗ አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጠ።

ሩመን ቆጣቢ ነው። ቆጣቢ የምንለው ለክብሩ ነው እንጂ ንፉግ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም ስትለው «ለአንድ ማኅተም?» እያለ ሰባት ዓመት አስቆጥሯል። ሰው ሁሉ ባልና ሚስት ስለሚላቸው ጊንካም ትታው ነበር። ማረፊያ ቤቱ ሲደርሱም በሷ ስም ብቻ እንዲመዘገቡ እንግዳ ተቀባይዋን ለመነ፤ የከተማው ቀረጥ የሚከፈለው በሰው ቁጥር ነዋ። ባሕር ዳር ካሜራ ያንጠለጠለ ሰውዬ ጠጋ ሲላቸው ደግሞ እጁን አወናጭፎ አባረረው።

«ፊቴን በመስተዋት በነጻ አየዋለሁ!»

ጊንካ ያን ቀን ሳቀች። ከአውቶቡስ ወርደው ማንንም ሳይጠይቅ፣ በጓሮ መንገድ፣ ቀጥ አድርጎ ማረፊያ ቤቱ በር ላይ ስላደረሳትም ኮርታበት ነበር።

ምሳቸው ዳቦ፣ ነጭ አይብና ቲማቲም ነው። እራታቸው ጣት የማታክል የተጠበሰች አሣ፣ በወረቀት ተጠቅልላ፣ ያውም ክፍላቸው ውስጥ በር ተዘግቶ። በምግብ ቤት ደጅ ሲያልፉ ጊንካ ሽታውን ትስባለች፣ ሩመን ክንዷን ይስባል።

ክንዷን የሚስብበት ሌላም ምክንያት ነበረው። እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ጊንካም የሟች ቤተሰብ ምሰሶና በር ላይ የሚለጥፈውን ወረቀት ሳታነብ አታልፍም። አርባውም ይሁን ሙት ዓመቱ፣ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ እነማንን ትቶ እንደሄደ አንብባ፣ ፎቶውን አይታ፣ ከንፈሯን መጥጣ ነው የምትሄደው።

«ለማታውቂያቸው ሰዎች ልታለቅሺ ነው እዚህ ድረስ የመጣሽው?» ይላታል ሩመን።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስትነቃ አልጋው ላይ የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዳቦ ይዞ መጣ።

«ዳቦ ቤቱ እኮ እዚህ ፊት ለፊታችን ነው!»

«ሰልፍ ነበራ።»

በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ዳቦውን ሲያቀብላት ጥፍሮቹ ውስጥ ነጭ ነገር አየችና እጁን ያዘችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ዱቄት ይሆናላ። ዳቦ አይደል የያዝኩት?»

በራሷ ጥፍር ጫር አድርጋ አየችው። የደረቀ ሊጥ ነው። ዳቦ ሊገዛ የሄደ ሰው ሊጥ ውስጥ ምን አስገባው?

ከሰዓት ዳቦ ቤቱን ልታይ ሄደች። ሻጯ ስላቭካ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ፣ ደረቷ ባንኮኒውን የሚሞላ ሴት ናት፤ እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ብቻ። የጊንካ አንጀት አረረ። መንገዱን ያለ ጠያቂ ያወቀው ለዚህ ነው! ባሕር አይቼ አላውቅም ያለው ለዚህ ነው! ሰባት ዓመት ካልሲውን ጠቅማ፣ ደረቅ ዳቦውን በልታ፣ እሱ ለካ የሚቆጥበው በሷ ላይ ብቻ ነው። ያን ዕለት ያቺ ትንሽ አሣ እንኳ አልዋጥ አለቻት።

በአራተኛው ቀን የተኛች መስላ ጠበቀችውና ተከተለችው።

ሩመን ዳቦ ቤቱን ዞር ብሎም ሳያይ አለፈ። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ከአንድ የጋዜጣ መሸጫ ጀርባ ቆመ። ከማዶ ጥቁር የለበሰች ቀጭን ሴት ባልዲ ይዛ ትሄዳለች። ሩመን መነጽሩን አወለቀ፤ አያት፣ አያትና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ በመጣበት ተመለሰ፤ ግድግዳ ተጠግታ የቆመችውን ጊንካን እንኳ አላያትም።

ጊንካን አንድም ቀን እንደዚያ አይቷት አያውቅም። ስላቭካ ብትሆን ይሻል ነበር። መንገዱን ተሻገረች።

«አንቺ ሴትዮ! ከባሌ ጋር ምን አለሽ?»

ሴትዮዋ ባልዲዋን መሬት አስቀመጠች። ውስጡ በውኃ የተበጠበጠ ዱቄትና ብሩሽ ነበር፤ በብብቷ ሥር ደግሞ ጥቅል ወረቀት።

«የማን ባል? እኔ የሰው ባል አላውቅም እህቴ። የራሴንም ባሕር ከወሰደብኝ ነገ ስምንት ዓመቱ ነው።»

«አትዋሺኝ! ጠዋት ጠዋት አንቺ ጋ ነው የሚመጣው!»

«ጠዋት ጠዋት የሚመጣብኝስ አንድ ርጉም ብቻ ነው። የለጠፍኩትን በጥፍሩ ፍቆ ያነሳዋል። ይኸው ዛሬ ሦስተኛዬ ነው።» ከጥቅሉ አንድ ወረቀት መዘዘች። «ሬሳውን እንኳ አላገኘነው። መቃብር የለው፤ ይቺን ወረቀት ምን አደረገችው?»

ጊንካ አፈረች። ሩመን ይህችን ሴት ቢመኛት እንኳ፣ እሷ ምኑንም እንደማታውቅ ፊቷ ይናገራል።

«ይቅር በይኝ እህቴ። አንጀቴ አሮ ነው» አለች።

«ምንም አይደል። እስኪ ያዢልኝ፣ ልቀባበት።»

ሴትዮዋ ብሩሹን ነክራ አጠገቧ ወዳለው ምሰሶ ዞረች። ጊንካ ወረቀቱን ተቀብላ እንደ ልማዷ ከላይ ወደ ታች አነበበችው። ኮስታዲን ይባላል። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሚስቱንና ሴት ልጁን ትቶ ሄደ።

ከንፈሯን ልትመጥ ፎቶውን ቀና አድርጋ ስታየው፣ ያለ ቆብ፣ ያለ መነጽር፣ ያለ ጢም፣ ሩመን ፈገግ ብሎ ያያታል።