ከአመዱ በታች የተገኘች ጥርስ

ከአርጆ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ የመጣው አፈር ነቀምቴ ይደርሳል፤ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር በተከራየነው ክፍል በውኃ ታጥቦ ይደርቃል። የቀረውን በወረንጦ መለየት የእኔ ሥራ ነው። ዘሩን ለብቻ፣ አጥንቱን ለብቻ አደርጋለሁ። ግራ የሚያጋባኝን ነጭ ሳህን ላይ አቆየዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ነጩ ሳህን ላይ አንዲት የወተት ጥርስ አስቀመጥኩ። ጠቁራለች፤ ጫፏ በሰያፍ ተሸርፏል። ልጄ ናኦሚ ከባጃጅ ስትወርድ ወድቃ የፊት ጥርሷ ልክ እንዲህ ነው የተሸረፈው።

ቁፋሮውን የሚመራውን ሞሲሳን ጠራሁት። "ኦቦ ሞሲሳ፣ ይህ አፈር ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ ይሆን እንዴ?"

"ኧረ አዴ ወሰኔ! እኔው ራሴ ነኝ ከአመዱ ንጣፍ በታች ያወጣሁት። አመዱን ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የነካው የለም።" ጥርሲቱን በማጉያ መነጽር አያት። "የልጅ ናት። ምስኪን!" ብሎ ወጣ።

መስኮቱን ከፈትኩት፤ መልሼ ዘጋሁት። ሳህኑን በወረቀት ሸፈንኩት፤ ደግሞ ገለጥኩት።

ከትምህርት ቤት ለምሳ ስትለቀቅ ናኦሚ እያለቀሰች ገባች። ከንፈሯ ላይ ደም አለ።

"ሃርሜ፣ የተሸረፈችው ጥርሴ ወለቀች! ጣሪያ ላይ ልወረውራት ይዣት ስመጣ ከእጄ ጠፋችብኝ። መንገዱን ሁሉ ፈለግኳት።"

ይህን እያለች ዓይኗ ሳህኑ ላይ አረፈ። ልቅሶዋን አቆመች።

"አገኘሽልኝ!" አለች። አንሥታ መዳፏ ላይ አገላበጠቻት።

"ግን ሃርሜ፣ ለምን ጠቆረች?"