ዓባይ በረሃ የሚያደርስ ቤንዚን

ዜማ ፍቺ እንደምትፈልግ ከማርቆስ ሲወጡ ለባሏ ነግራዋለች። አንተነህ ይህችን ፈጣን መኪና ከገዛ ወዲህ በተናደደ ቁጥር ስፖርት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ያበርራታል፤ ቤንዚኑም ዐይኗ እያየ ያልቃል። አሁን ግን ቤንዚን ወደሚቆጥበው ቁልፍ ቀየራትና ቀስ ብሎ መንዳት ጀመረ። ዜማን የበለጠ ያስፈራት ይሄ ነው።

«ሉማሜ እናቴ ቤት ስታወርደኝ ቤንዚን ቅዳ» አለችው።

«አያስፈልግም። እንዲህ ከነዳሁ የትም ሳንቆም ዓባይ በረሃ ያደርሰናል።»

«ዓባይ በረሃ ምን አለ?»

ሉማሜ ገብተው የእናቷን ቤት መታጠፊያ ዝም ብሎ አለፈው። ትንሽ እንደሄዱ ወደ ማርቆስ የሚመለስ አውቶቡስ ሰው እያወረደ ነበርና መንገደኛው አስፋልቱን ሞላው። አንተነህ ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ልትቆም ስትል ዜማ በሩን ከፍታ ወረደች፤ ስሟን ሲጠራ አልዞረችም። አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ አንዲት እናት አጠገብ ተቀመጠች።

«ምነው ልጄ? የሚከተልሽ ሰው አለ?» አሏት።

ዜማ የሴትዮዋን ነጠላ ጫፍ ጨበጠች፤ አውቶቡሱ ከሉማሜ እስኪወጣም አልለቀቀችውም።