ማ በአንድ እግሩ ይቆማል

«ራብዕ!» ስል ግቢ ሙሉ ሕፃን በአንድ እግሩ ይቆማል። ድምፄ እንደዚህ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ካዘዝኩ ጀውሃ የቆሙ ከባድ መኪናዎች ሳይቀሩ ሞተር ያስነሣሉ።

ፊደል በእጅ ብቻ አይያዝም፣ በገላ ነው የሚያዝ። ይህን ዘዴ የፈጠርኩት እኔ ጁነይድ ነኝ። ካዕብ እጁን ወገቡ ላይ ይተክላል፣ ልክ ባለሱቋ እትዬ ፈለቀች ጠብ ሲያምራቸው። ሳልስ እግሩን ይዘረጋል፣ እንደ ደከመው ሾፌር። ራብዕ ሽመላ ነው። በዚህ ዘዴ ፍየል አስነብባለሁ፤ ጊዜ ያጡት ፍየሎቹ ናቸው። ሲደምቅ ደግሞ አንዱ ልጅ ይወጣና በገላው ቃል ይጽፋል፣ ሌሎቹ እየጮኹ ያነቡታል።

መሀል ላይ ስልኬ ይጠራል። ሳሚያ ናት፣ ባለቤቴ፣ ከጅዳ። የምትሠራበት ቤት እመቤት ቀን ካልተኛች አትደውልም፤ ስትደውልም ማድ ቤት ቆማ፣ በቪዲዮ፣ በሹክሹክታ ነው።

ልጃችን ሂዳያ ስልኩን ስታይ እንደ ልማዷ ከኒሙ ዛፍ ጀርባ ትገባለች። እናቷ ስትሄድ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። «እናትሽ እዚህ ውስጥ ናት» ብላት አንድ ቀን ማንጎ ልጣ ስልኩን ልታጎርሰው ሞከረች። አልበላላትም። ከዚያ ወዲህ እንዳኮረፈችው ነው። እማ የምትለው ያሳደጓትን አያቷን፣ የሳሚያን እናት ነው።

«ሂዳያስ?» ትላለች ሳሚያ።

«ማሻአላህ! ወሬዋ እንቅልፍ ነሣን። ትናንት ደብረ ሲና ድረስ ተሰማች አሉኝ። ወላሂ ስላንቺ ብቻ ነው የምታወራ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን እንኳ ማረኝ።» ድምፅዋ ይቀጥናል። «ውሌ አልቋል። ሁለት ዓመት ጨምሪ እያሉኝ ነው፣ ዛሬ መልስ ይፈልጋሉ። ጁነይድ፣ ልጄ ካላወቀችኝ ለማን ብዬ ልምጣ?»

«ለእኔ» ማለት ነበር እንግዲህ። ኢፋትን ሙሉ የሚያስቅ ምላሴ ይቺን አንዲት ቃል ማንሣት ያቅተዋል። እሷ ከሄደች ጀምሮ በእሷ በኩል ባለው የአልጋው ግማሽ ላይ ተኝቼ አላውቅም፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ግን ግድግዳው ስለሚግል ነው እላለሁ።

ስልኩን ወደ ልጆቹ አዞረዋለሁ። «እስኪ ዘዴዬን እይ። ተረኛ ማነው?»

«ሂዳያ ናት ቲቸር!» ይላል ሙሀሲን። «ፈርታ ነው የተደበቀች!»

«ማን ፈራ!» የሚል ድምፅ ከዛፉ ጀርባ ይመጣል። «ትናንት ሎሚ ስትጽፍ በአፍንጫህ የተደፋኸው አንተ!»

ልጆቹ ይስቃሉ። ሂዳያ ተናዳ ትወጣለች። ቀሚሷን ታራግፋለች፣ ስልኩን ታያለች፣ ደግሞ እኔን። አልጠራትም።

አንገቷን ሰበር ታደርጋለች።

«እ!» ይላሉ ልጆቹ።

ሁለት ጡጫዋን አናቷ ላይ ታገጣጥማለች፤ ክርኖቿ ግራና ቀኝ ሁለት ቀለበት ይሠራሉ። አንድ እግሯን ታነሣለች።

«ማ! እማ!»

«አቤት ልጄ!» ይላሉ አያቷ ከቤት ውስጥ። «መጣሁ፣ እጄ ሽንኩርት ይዞ ነው!»

ሂዳያ እጇንም እግሯንም ሳታወርድ ራሷን ትነቀንቃለች። «አንቺን አይደለም» ትላለች። አገጯን ወደ ስልኩ ትቀስራለች። «ያቺን ነው።»

ስልኩን ወደ እኔ አላዞረውም፤ ጎንበስ ብዬ በጎን አያለሁ። ሳሚያ ስልኳን ከአንድ ነገር ጋር ታስደግፋለች፤ ምስሉ ይናጋና ይረጋል። ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ ከሻሿ እስከ ነጠላ ጫማዋ እስክትታይ ድረስ። እርጥብ እጇን ሽርጧ ላይ ትጠርጋለች። ጡጫዎቿን አናቷ ላይ ታገጣጥምና አንድ እግሯን ታነሣለች።

አያቲቱ ቢላዋ እንደያዙ በር ላይ ቆመዋል። እናትና ልጅ፣ አንዷ አቧራ ላይ፣ አንዷ የሰው ማድ ቤት ውስጥ፣ ይወዛወዛሉ፤ እግሯን ቀድማ የምታወርድ የለችም።