ኪስ የገባው ማደንዘዣ

ወለተ ሐና አዋላጇን የለየቻት በአንገቷ ነው። ሦስት ረድፍ ንቅሳት።

ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ ገጠር ነርስ ሳለች፣ እንዲህ ያለ አንገት ያላት ልጅ እግር በቃሬዛ መጥታ ወለደች። ተቀደደች። «እባክሽ እህቴ፣ ማደንዘዣ» ብላ ለመነቻት።

«ስትፀንሺውም ተደንዝዘሽ ነበር?» አለች ወለተ ሐና። በደረቁ ሰፋቻት። ሰባት ስፌት። ልጅቷ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ስትጮህ የታያት አንገቷ ብቻ ነው። ፊቷን አላየችም፤ የወላድ ፊት የማየት ልማድ አልነበራትም።

ዛሬ፣ ከላሊበላ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ትንሽ ጤና ጣቢያ፣ አልጋው ላይ ያለችው የራሷ ልጅ ማኅሌት ናት። የበኩር ልጅን በእናት ቤት መውለድ ነበር ደንቡ። ማኅሌት ግን ወሯ ሲገባ ከአማቷ ቤት ንቅንቅ አልልም አለች።

የማኅሌት አማት እታገኝ ከክፍሉ በር ውጭ፣ ከወለተ ሐና አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ጠምጥማ። ልጇ ወንዴ፣ የማኅሌት ባል፣ ከአጥሩ ውጭ ይንጎራደዳል። ገና ሲደርሱ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «ማደንዘዣ አላችሁ?» ያለችው እታገኝ ናት።

«ወገብ ላይ የሚወጋው እኛ ጋ የለም» አለች አዋላጇ ሰብሌ። «ለስፌት የሚሆን ሊዶካይን አንድ ብልቃጥ ቀርቷል። ካስፈለገ እናያለን።» ብልቃጡን አንስታ ኪሷ ከተተችውና ወደ ማዋለጃው ክፍል አመራች።

ወለተ ሐና ይህን አየች። ተከትላት ልትገባ ተነሳች።

«እርስዎ ይቆዩ፣ እማማ። ልጅዎ ‹እናቴ እንዳትገባ› ብላለች።»

«ማኅሌት? እኔን?»

በሩ ተዘጋ።

«ውሸቷን ነው» አለች ወለተ ሐና። «አዋላጇ አውቃኛለች።»

«ምን አድርገዋት ነው?» አለች እታገኝ።

ወለተ ሐና ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ማኅሌት ጮኸች። ከዚያ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ የብረት ሳህን ኮሽ አለ፤ ያን ድምፅ ታውቀዋለች። መርፌ ነው።

በሩን በሁለት እጇ ደበደበች። «በእኔ ይሁንብኝ! ማደንዘዣው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ እያለ ነው የከለከልኩሽ! በማርያም፣ በልጄ አትበቀይኝ!»



ቆይቶ ሰብሌ ብቅ አለች። «ምነው እማማ? ወንድ ነው፤ እንኳን ማርያም ማረቻት። አራት ስፌት ሰፋኋት፣ አንዱም አልተሰማት። መድኃኒቱን ኪሴ ውስጥ ያሞቅሁት ስወጋት እንዳያቃጥላት ብዬ ነው።»

«ይቅር በይኝ።»

«ስለ ምኑ? እኔ ወልጄ አላውቅም።»

እታገኝ ከአግዳሚው ተነሳች። የተጠመጠመውን ነጠላ ከአንገቷ ቀስ ብላ ፈታችው። ሦስት ረድፍ ንቅሳት።

«ያን ቀን የወለድሁት ወንዴን ነው» አለቻት። «ማኅሌትም ታውቃለች።»