ዋይፋዩን የሠራው ልጅ

አዛውንቱ አስታማን ቱላዳር ካትማንዱ ውስጥ ፑታሊሳዳክ ሰፈር ከኒሩታ የኮምፒውተር ሱቅ ቆመው ነበር። የልጅ ልጃቸው «ሊኑክስ በደንብ የሚሠራበት ላፕቶፕ ይሁን» ብላ አደራ ብላቸዋለች። ኒሩታ ሊኑክስ የሚባለውን በነፃ የሚገኝ የኮምፒውተር ሥርዓት በጫነችበት ፍላሽ ሁለት ላፕቶፖች ሞክራ ዋይፋይ አልይዝ ስላሏት ገለል አደረገቻቸው። ሦስተኛው ወዲያው ያዘ።

«ይሄን ይውሰዱ አባባ። አምና ቢመጡ ኖሮ አልሸጥልዎትም ነበር፤ ዋይፋዩ ከሊኑክስ ጋር አይሠራም ነበር።»

«ፋብሪካው አስተካከለው?»

«ፋብሪካው ምን ገዶት! አንድ የዚሁ የካትማንዱ ልጅ ነው ፕሮግራሙን የጻፈለት። አምስት ሳንቲም አልተከፈለውም።»

«ሥራ ፈት ነዋ» አሉ አስታማን እየሳቁ።

ኒሩታ ልጁ ፕሮግራሙን ያወጣበትን የኢንተርኔት ገጽ ከፍታ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ሳቁ ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ፕራጅዋል ቱላዳር ይላል። ከስሙ አጠገብ ባለችው ትንሽ ፎቶ ላይ ጢም ያበቀለው ፊት የልጃቸው ነበር። «ኮምፒውተር ላይ ተጎልተህ የምትውል ከሆነ ቤቴን ልቀቅ» ብለው ካባረሩት ሰባት ዓመት ሆኖታል። እናቱ ሞቷል ብላ ካለቀሰችለት ደግሞ ሁለት ዓመት። ገጹ ላይ መጨረሻ የጻፈው ግን የዛሬ ሦስት ሳምንት ነበር።

ኒሩታ ደንግጣ ወንበር ሳበችላቸው። አልተቀመጡም፤ ጣታቸውም ከስክሪኑ ላይ አልተነሣም።

«ከስሙ ሥር ያለው ምንድን ነው ልጄ?»

«ኢሜይሉ ነው። ለጻፈለት ሰው ሁሉ ይመልሳል።»

«እስቲ ጻፊልኝ።»

«ምን ልበለው?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

«ዋይፋዩ ይሠራል በይው» አሉ በመጨረሻ። «አባትህ ነው ያለው በይው።»